የተዘጋ የእግር ደም ቅዳ ቧንቧን ለመክፈት የትኛው መሪ ሽቦ ይገዛ? ከድሬዳዋ የተጻፈ የዕቃ ግምገማ

በቅርቡ አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ ድሬዳዋ ከዚራ፣ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦኝ የግዢ ዝርዝር አሳየኝ። ሰነዱ የተዘጉ የእግር ደም ቅዳ ቧንቧዎችን በካቴተር (በደም ሥር ውስጥ በሚላክ ቀጭን ቱቦ) የመክፈት ሕክምና ለመጀመር የሚያስብ አንድ ተቋም ያዘጋጀው ረቂቅ ነበር። የኤክስሬይ መሣሪያው ዝርዝር ሦስት ገጽ ይዟል፤ የአልጋው ስፋትና የክፍሉ ማቀዝቀዣ አቅም ሳይቀር ተጽፏል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን አንዲት መሥመር ብቻ ነበረች፦ «ጋይድዋየር (መሪ ሽቦ ማለት ነው)፣ ብዛት 50»። ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የጫፉ ጥንካሬ፣ ሽፋኑ፣ አንዱም አልተጠቀሰም። ወዳጄ እስክሪብቶ አቀበለኝና «እስቲ ይህችን መሥመር አንተ ሙላልኝ» አለኝ።

ያች መሥመር እንቅልፍ ነሳችኝ። የተዘጋ ቧንቧ በሚከፈትበት ክፍል ውስጥ ለዓመታት ስሠራ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ሽቦው መዘጋቱን ካላለፈ ቧንቧውን የሚያሰፋው ፊኛም ሆነ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ስቴንት (የሽቦ መረብ ቱቦ) ከማሸጊያው እንደማይወጣ ነው። በብዙ ገንዘብ የተገዛው የኤክስሬይ መሣሪያም ያልተሳካውን ሙከራ በጥራት ከማሳየት በቀር የሚፈይደው የለም። ስለዚህ ለወዳጄ የሰጠሁትን መልስ ሰፋ አድርጌ፣ በእጄ ይዤ የሠራሁባቸውን ሽቦዎች እየመዘንኩ እዚህ ላይ አቀርበዋለሁ። ከማንኛውም አምራችም ሆነ አስመጪ ምንም ዓይነት ጥቅም አላገኝም። ጽሑፉ በመጀመሪያ ዕቃ ለሚመርጡ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የግዢ ባለሙያዎች የታሰበ ቢሆንም፣ አባቱ ወይም እናቱ በስኳር በሽታ ምክንያት እግራቸው አደጋ ላይ የወደቀበት ሰውም ሊያነበው እንዲችል በተቻለኝ መጠን በግልጽ ቋንቋ ጽፌዋለሁ።

መሪ ሽቦ ምን እንደሆነ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ከተማችን የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ስለደረሰ ነው። ሽቦው ሐዲዱ ነው፤ ካቴተሩ፣ ፊኛውና ስቴንቱ በላዩ የሚጓዙ ፉርጎዎች ናቸው። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል በመርፌ ይገባና ሽቦውን አስቀድሞ ይልካል፤ ሌላው ሁሉ ሽቦውን ተከትሎ ይሄዳል። ይህ አሠራር ስዊድናዊው ራዲዮሎጂስት ስቬን ኢቫር ሰልዲንገር እ.ኤ.አ. በ1953 ካሳተመው ዘዴ የመጣ ሲሆን፣ ዛሬም በየቀኑ የምንሠራው እሱ እንዳስተማረን ነው። ከእሱ በኋላ አሜሪካዊው ቻርለስ ዶተር እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1964 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ፣ እግራቸው እንዲቆረጥ ተወስኖ አልቆረጥም ያሉ የ82 ዓመት እናት የታፋ ደም ቅዳ ቧንቧን በሽቦና በላዩ በሚጓዙ የቴፍሎን ቱቦዎች ከፈተ። እኒያ እናት ከሁለት ዓመት በላይ ቆይተው እስኪሞቱ ድረስ በገዛ እግራቸው ተራምደዋል። ፊኛው የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1970ዎቹ፣ በአንድሪያስ ግሩንትዚግ እጅ ነው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት በዚህ ሕክምና ሽቦው ከፊኛው የሚቀድመው በአሠራር ቅደም ተከተል ብቻ ሳይሆን በታሪክም መሆኑን ለማሳየት ነው።

በግዢ ዝርዝር ላይ ከሁሉ በፊት መጻፍ ያለበት ውፍረቱ ነው። ለእግር ሥራ የሚያገለግሉት ሽቦዎች በሦስት ውፍረት ይመጣሉ፤ እነሱም 0.035፣ 0.018 እና 0.014 ኢንች ናቸው፤ በሚሊ ሜትር ሲሰላ ወደ 0.89፣ 0.46 እና 0.36 ይሆናል። እዚህ ላይ የባቡሩ ምሳሌ የበለጠ ይሠራል። የአሮጌው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መሥመር ግን 1.435 ሜትር ስለሆነ የአሮጌው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄድ አይችልም። ለ0.014 የተሠራ ፊኛም 0.018 ሽቦ ጨርሶ አያስገባም። በተቃራኒው ሰፊ ቀዳዳ ያለውን ፊኛ በቀጭን ሽቦ ላይ መላክ ቢቻልም፣ በሽቦውና በፊኛው ጫፍ መካከል የሚፈጠረው ክፍተት በጠጠረው የመዘጋቱ አፍ ላይ እየተያዘ አላልፍ ይላል። ስለዚህ ሽቦና ፊኛ ለየብቻ በሁለት የተለያዩ ኮሚቴዎች የሚገዙ ዕቃዎች መሆን የለባቸውም። አንዱ ከሌላው ጋር ባለመጣጣሙ ምክንያት ያልተነካ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ የአገልግሎት ጊዜው ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሕመምተኛው ደግሞ በዚያው ሳምንት ሳይታከም ተመልሷል።

ውፍረት ሲጨምር የሽቦው ግትርነት ከምንገምተው በላይ ይጨምራል። ሁለቱም ከአንድ ማዕድን የተሠሩ ድፍን ዘንጎች ቢሆኑ፣ ባለ 0.035 ዘንግ ከባለ 0.014 ይልቅ ለመታጠፍ 39 ጊዜ ያህል ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ግትርነቱ የሚያድገው ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ እየተባዛ ነው። እውነተኞቹ ሽቦዎች ጫፋቸው እየሳሳ የሚሄድና በላያቸው ሽፋን ያለባቸው በመሆናቸው ስሌቱ በቀጥታ ባይሠራም፣ ወፍራሙ ሽቦ በዳሌና በታፋ ትልልቅ ቧንቧዎች ውስጥ ለምን እንደሚመቸን፣ ከጉልበት በታች ባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ደግሞ ለምን እንደማንልከው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጫፉ ጥንካሬ ሲሆን፣ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። አምራቾች የጫፉን ጥንካሬ በግራም ይጽፋሉ፤ ይህም ጫፉ ወደ አንድ ነገር ሲገፋ እስኪታጠፍ ድረስ የሚቋቋመው ኃይል ነው። አንድ ግራም የማይሞላ ጫፍ ያላቸው ለስላሳ ሽቦዎች አሉ፤ 3 እና 4 ግራም ያላቸው አሉ፤ 12፣ 20 እና 30 ግራም የሚደርሱም አሉ። ይሁን እንጂ ግራሙ ብቻውን ስለ መብሳት ኃይል ሙሉውን አይናገርም፤ ኃይሉ የሚያርፍበት ስፋት እኩል ይወስናል። ጆንያ የሚሰፋ ሰው በወስፌ የሚበሳውን በጣቱ ሊበሳው የማይችለው ጉልበቱ አንሶ አይደለም። የ12 ግራም ጫፍ በ0.018 ኢንች ውፍረት ላይ ሲሆን በካሬ ሚሊ ሜትር ወደ 73 ግራም ይጫናል፤ ያው 12 ግራም በ0.014 ላይ 121 ግራም ያህል፣ ወደ 0.009 በሳሳ ጫፍ ላይ ደግሞ 292 ግራም ያህል ይሆናል። በማሸጊያው ላይ «12» የሚል ቁጥር ብቻ አይቶ ሁለት ሽቦዎችን እኩል የሚቆጥር ሰው አራት እጥፍ የሚደርስ ልዩነት ያመልጠዋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ መዘጋቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ካላነሣሁ የሽቦዎቹ ምዘና ትርጉም አይኖረውም። ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ቧንቧ ከዳር እስከ ዳር እኩል የጠነከረ ነገር አይደለም። ደሙ በሚመጣበት በኩል ያለው ክዳን ብዙውን ጊዜ እንደ ጅማት በጠነከረ ሥጋና በካልሲየም የጠጠረ ነው፤ መካከሉ ግን የቆየ የረጋ ደምና ለስላሳ ነገር፣ አልፎ አልፎም በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን መተላለፊያዎች ያሉበት ነው፤ ከታች ደግሞ ሌላ ክዳን አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ከላይኛው ይላላል። የሚያስፈልገንም ክዳኑን ሊጀምር የሚችል ጫፍ፣ መካከሉን ግድግዳ ሳይነካ ሊሄድ የሚችል ጫፍ፣ በመጨረሻም ከታች ወደ ጤናማው ክፍል በትክክል የሚገባ ጫፍ ነው። እነዚህ ሦስት ባሕርያት በአንድ ሽቦ ላይ አብረው አይገኙም። «ሁሉን የሚያልፍ አንድ ጠንካራ ሽቦ ግዙልን» የሚል ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር የምቃወመውም በዚህ ምክንያት ነው፤ በጠንካራ ጫፍ ክዳኑን የበሳ ሰው በዚያው ጫፍ መካከሉን ልለፍ ቢል ሽቦው የቧንቧውን ግድግዳ ከለስላሳው መዘጋት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ከሽቦው ውስጥ ያለው ዘንግ ከማይዝግ ብረት ወይም ኒቲኖል ከሚባለው የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ይሠራል። ብረቱ እጃችን ያዞረውን ያህል ጫፉ እንዲዞር በማድረግና ግፊትን በማስተላለፍ ይበልጣል፤ አንድ ጊዜ ከተቆለመመ ግን አይቃናም። ኒቲኖል እንደ ላስቲክ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፤ ነገር ግን ስናዞረው ጥቂት ያመነታና ድንገት ዘልሎ ይዞራል፤ ለጥቃቅን ቧንቧ ይህ አይመችም። ሁለቱን ቀጥለው የሚሠሩም አሉ፤ የአቦት ኮማንድ ሽቦ ዘንጉ ብረት፣ ጫፉ ኒቲኖል ሆኖ የተሠራ ነው፤ ቅርጹን ጠብቆ ብዙ ጊዜ ስለሚያገለግል በእኔ እጅ ጥሩ ስም አለው።

ሽፋኑን በሚመለከት ውሃ ሲነካው የሚያሟልጨው ዓይነት ብዙ ሐኪሞች የሚወዱት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ይህ ሽፋን የሚሰጠውን ያህል ይወስዳል። ጫፉ የት እንደደረሰ በጣታችን የሚሰማንን ስሜት ያጠፋል፤ ሳናውቅ ወደ ቅርንጫፍ ቧንቧ ዘልቆ ሊበሳ ይችላል፤ በቧንቧው ግድግዳ ንብርብሮች መካከልም በቀላሉ ሾልኮ ይገባል። ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በጨው ውሃ መራስ አለበት። በብረት መርፌ ውስጥ ወደ ኋላ መጎተት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የመርፌው ስለት የላስቲኩን ሽፋን ልጦ በደም ሥር ውስጥ ሊተወው ይችላል። ይህን ማሳሰቢያ አምራቾቹ ራሳቸው ይጽፉታል፤ በጽሑፉ ረቂቅነትና በእንግሊዝኛነቱ ምክንያት ግን የሚያነበው ጥቂት ነው። የሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በአማርኛ ተጽፎ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

ወደ ስም ልግባ። ለዳሌና ለታፋ ከተዘጋጁት ውስጥ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የጃፓኑን ቴሩሞ ኩባንያ ራዲፎከስ ሽቦ፣ በ0.035፣ ጫፉ ዘወር ያለውን እመርጣለሁ። ውስጡ ኒቲኖል ነው፤ በላዩ ተንግስተን የተቀላቀለበት ፕላስቲክ ስላለ በኤክስሬይ በግልጽ ይታያል፤ በጨው ውሃ ሲርስ እንደ ዓሣ ያሟልጫል። የአብዛኛው የታፋ መዘጋት መጀመሪያ የሚሞከረው በእሱ ነው። ጫፉ መንገድ ሲያጣ እንደ ቀለበት ይታጠፍና በቧንቧው ግድግዳ ንብርብሮች መካከል እየገፋ ይሄዳል፤ በእንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ አማን ቦሊያ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያስተማረው መንገድ ይኸው ነው። የዚህ መንገድ ችግር ከታች ወደ እውነተኛው መተላለፊያ ተመልሶ መግባት ላይ ነው፤ ቀለበቱ በረዘመ መጠን ጤናማውን ክፍል አልፎ ይሰነጥቃል። ስለዚህ ራዲፎከስን አመሰግናለሁ፤ ቀለበቱ መዘጋቱ ከሚያበቃበት በታች ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው እጅ ላይ ግን አልፈልገውም።

በመካከለኛው ውፍረት የቦስተን ሳይንቲፊክ ቪ-18 ለረጅም ጊዜ አብሮኝ የሠራ ነው። የብረት ዘንጉ ለካቴተሩና ለፊኛው ጥሩ ድጋፍ ይሰጣል፤ ጫፉን በጣት መቅረጽ ይቻላል፤ በታፋም ከጉልበት በታችም ያገለግላል። የአንድ ጀማሪ ተቋም ገንዘብ ውስን ከሆነ ሁለቱን ዓለማት የሚያገናኘው እሱ ስለሆነ ብዛቱን ከፍ አድርጋችሁ እንድትገዙ እመክራለሁ። ድካሙ ጫፉ በጠንካራ ክዳን ላይ ደጋግሞ ሲገፋ ቅርጹን ማጣቱ ነው፤ ያን ጊዜ አውጥቶ መቅረጽ ወይም መቀየር ይገባል።

ከጉልበት በታች ላሉት የሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ላላቸው ቧንቧዎች 0.014 ያስፈልጋል፤ የስኳር ሕመምተኞቻችን መዘጋትም በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው። ከላይ ከጠቀስኩት ኮማንድ ሌላ የጃፓኑ አሳሂ ኢንቴክ ግላዲየስ የተባለው ሽቦ በዚህ ውፍረት በጣም የረካሁበት ነው። የጫፉ ጥንካሬ 3 ግራም ብቻ ነው፤ ሲዞር ግን እጄ ያሰበውን ያህል ይዞራል። ለስላሳ መሆኑን አይተው የሚንቁት ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ከአንድ ሰዓት ትግል በኋላ ተመልሰው የሚጠይቁት ግን እሱኑ ነበር።

በጠንካሮቹ በኩል የኩክ ኩባንያ አፕሮች ሲቲኦ የተባለው ባለ 0.014 ሽቦ በ6፣ በ12፣ በ18 እና በ25 ግራም ጫፍ ስለሚመጣ ደረጃ በደረጃ ለመውጣት ያመቻል። እኔ ከዚህ ቤተሰብ 6ቱንና 12ቱን ብቻ አስቀምጣለሁ። የአሳሂ ትሬዠር 12 ባለ 0.018 ሆኖ 12 ግራም ጫፍ ያለው ሲሆን፣ ለታፋ ክዳን ይበቃል። አስታቶ ኤክስኤስ 20 ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጫፉ ወደ 0.008 ኢንች ሳስቶ 20 ግራም ስለሚጫንበት በካሬ ሚሊ ሜትር ከ600 ግራም በላይ ይሆናል፤ ይኸውም ከትሬዠር 12 ስምንት እጥፍ ገደማ ነው። በካልሲየም የጠጠረ ክዳንን ለመጀመር ከእሱ የተሻለ በእጄ ይዤ አላውቅም። አገልግሎቱ ግን ለጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ክዳኑ እንደተበሳ ወዲያው ወጥቶ በቦታው ለስላሳው መግባት አለበት።

ይህን የተማርኩት በከፈልኩት ዋጋ ሳይሆን አንድ ሕመምተኛ በከፈሉት ዋጋ ነው። ከመጋላ ሰፈር የመጡ፣ ስኳር ለብዙ ዓመታት ያሠቃያቸው አንድ አባት ጣታቸው ጠቁሮ ከድሬዳዋ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ በምሠራበት ተቋም ደረሱ። «እግሬን ይዤ ወደ ድሬ መልሰኝ እንጂ ሌላ አልጠይቅህም፣ ልጄ» አሉኝ። የባታቸው የፊት ቧንቧ ከጉልበት በታች ጀምሮ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ተዘግቶ ነበር። ክዳኑ የጠጠረ ስለመሰለኝ ለስላሳውን ሳልሞክር በቀጥታ በከባድ ጫፍ ሽቦ ጀመርኩ። ክዳኑ ተበሳ፤ ደስ አለኝ፤ በዚያው ሽቦ መካከሉን ስቀጥል ግን ጫፉ ከቧንቧው ወጣ። ኮንትራስቱ (ደም ሥሩን በኤክስሬይ የሚያሳየው ፈሳሽ) በጡንቻቸው ውስጥ ሲዘረጋ በስክሪኑ ላይ ባየሁ ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ በባታቸው ላይ ጠምጥመን ነፋነው፤ መድማቱም ቆመ። ሥራውም በዚያው ቆመ። ስሕተቱ የሽቦው አልነበረም፤ የመረጥኩትና ከሚገባው በላይ ይዤው የቆየሁት እኔ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። በዚህ ጊዜ በ0.014 ለስላሳ ሽቦ ጀመርን፤ ሽቦው በውስጡ የሚያልፍበትን ደጋፊ ካቴተር ግን ከጫፉ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ አስጠግተን ያዝነው። ከካቴተሩ የሚወጣው የሽቦ ክፍል ባጠረ መጠን ጫፉ አይታጠፍም፤ ለስላሳው ሽቦ ያለ አዲስ ወጪ ጠንካራ ሆነ ማለት ነው። ካቴተሩን መልሰን ባራቅነው ጊዜ ደግሞ ወደ ልስላሴው ይመለሳል። በዚህ አኳኋን እያጠነከርንና እያለዘብን የመዘጋቱን ሁለት ሦስተኛ አለፍን። የታችኛው ክዳን እምቢ ሲል በአልትራሳውንድ እያየን በእግራቸው መዳፍ ጀርባ ላይ በቀጭን መርፌ ገብተን ሌላ ለስላሳ ሽቦ ከታች ወደ ላይ ላክን፤ ከታች በኩል ክዳኑ ብዙም አልተቃወመም። ሁለቱ ሽቦዎች ተገናኙ፤ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ፊኛ ተነፋ፤ ደሙም ወደ ጣቶቻቸው ወረደ። የጠቆረችው ጣት መትረፍ አልቻለችም፤ እግራቸው ግን ተረፈ። «አቦ ዶክተር፣ ያኔስ ምን ነካችሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያው ሽቦ ከሚገባው በላይ ጉልበተኛ እንደነበረ፣ የመረጥኩትም እኔ እንደሆንኩ። ይቅርታዬን ተቀበሉ።

ስለዚህ ለወዳጄ ያልኩት ሽቦውን ያለ ደጋፊ ካቴተር እንዳይገዛ ነው። የኩክ ሲኤክስአይ ወይም የቴሩሞ ናቪክሮስ ዓይነት ካቴተር በየውፍረቱ ካለ ሦስት ዓይነት ሽቦ የስድስት ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ከሌለ ግን ስድስቱም ተገዝተው ግማሾቹ ያለ ጥቅም ይታጠፋሉ። ገንዘብ ከጠበበ የሚቀነሰው ከጠንካሮቹ ሽቦዎች ላይ መሆን አለበት።

ርዝመትን በሚመለከት በሽቦው ላይ ሙሉ በሙሉ የሚጓዝ ረጅም ፊኛ የሚጠቀም ሰው 300 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ያስፈልገዋል፤ አጭር ሽቦ ይዞ የገባ ሰው ካቴተሩን ሊያወጣ ሲል ያለፈበትን መንገድ አብሮ ያጣል። አንድ ሰዓት ተደክሞ የተገኘን መንገድ በ180 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ምክንያት ማጣት የሚያስቆጭ ነገር ነው።

የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ማከማቻውንም አብሮ ማሰብ አለበት። እነዚህ ሽቦዎች ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ርቀው እንዲቀመጡ በማሸጊያቸው ላይ ተጽፏል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መጋዘን ለእነሱ ቦታ አይደለም። በተጨማሪም ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ዋጋቸው ከባድ እንደሆነና አጥቦ ደግሞ የመጠቀም ፈተና በአገራችን እውነተኛ እንደሆነ አልክድም፤ ነገር ግን በጫፉ ጥቅልል ውስጥ የገባ ደም በእጥበት አይወጣም፣ የሚያሟልጨው ሽፋንም እንደ አዲሱ አይሆንም። ብዛቱን ቀንሶ አዲስ መግዛት ይሻላል።

ሽቦ ሁሉን እንደማይፈታ የሚያሳዩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶችንም ለወዳጄ አስታወስኩት። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የታተመው ቤስት-ሲኤልአይ ጥሩ የራሳቸው የእግር ደም መልስ ሥር ያላቸው ሕመምተኞች በባይፓስ ቀዶ ጥገና (በዚያ ደም መልስ ሥር ለደሙ ከመዘጋቱ ጎን ሌላ መንገድ በማበጀት) የተሻለ ውጤት እንዳገኙ አሳይቷል። በ2023 የታተመው ባዚል-2 ግን ከጉልበት በታች መዘጋት ባለባቸው ሰዎች ላይ በካቴተር መጀመሩን ደግፏል። ሁለቱን አጣምሮ ያነበበ ሐኪም እያንዳንዱን ሕመምተኛ ሽቦ ከማንሣቱ በፊት ከቀዶ ጥገና ባለሙያ ጋር ይመክርበታል፤ አገልግሎቱ ድሬዳዋም ይጀመር ሐረር ይህ ምክክር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሊኖር ይገባል።

በመጨረሻ እስክሪብቶውን ተቀብዬ መሥመሯን ሞላሁ። ከ50ዎቹ ውስጥ 16ቱ ባለ 0.035 የሚያሟልጭ፣ ጫፉ ዘወር ያለ፣ 260 ሴንቲ ሜትር፤ 4ቱ በዚሁ ውፍረት ፊኛና ስቴንት ለመሸከም የሚሆኑ ግትር ሽቦዎች፤ 10ሩ ባለ 0.018 የብረት ዘንግ ያላቸው፣ 300 ሴንቲ ሜትር፤ 12ቱ ባለ 0.014 ለስላሳ ጫፍ፣ እነሱም 300 ሴንቲ ሜትር፤ 5ቱ ባለ 0.014፣ ከ6 እስከ 12 ግራም ጫፍ፤ 3ቱ ብቻ ጫፋቸው የሳሳ ባለ 20 ግራም። ከሥሩም ለሦስቱም ውፍረት ደጋፊ ካቴተሮችና ከየሽቦው ጋር የሚሄዱ ፊኛዎች በአንድ ጨረታ እንዲወጡ ጻፍኩ። ወዳጄ የመጨረሻውን ቁጥር አይቶ «ጠንካራውን ሦስት ብቻ?» አለኝ። ሦስቱም በተለየ መሳቢያ እንዲቀመጡና ለስላሳው ተሞክሮ እምቢ ማለቱ በመዝገብ ላይ ሳይጻፍ እንዳይከፈቱ ከጎኑ ጨመርኩለት።